የወቅት ትንበያን ከወረዳ እስከ ማሳ ማድረስ፦ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለሚያግዟቸው

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የመጪውን ክረምት የዝናብ ትንበያ ያወጣል፤ ጥር ላይ የበልጉን፣ መስከረም ማብቂያ ገደማ ደግሞ የበጋውን። ትንበያው በክልል፣ በዞንና በወረዳ በኩል በሸኚ ደብዳቤ ወርዶ ቀበሌ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አጥቶ ይደርሳል፤ ጊዜውንና ትርጉሙን። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ የተነሣ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥትና አጋሮቹ ይፋ ሲያደርጉ፣ በየጎጡ የነበረው ጥያቄ «ዝናቡ ለምን ቀረ?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ይህ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነበረ ወይ? ከነበረስ ለምን አልነገረንም?» የሚልም ነበር። ኤልኒኖ የፓስፊክ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ክፍል የላይኛው ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት ሲሆን፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ የመቀነስ ጠባይ አለው። ወራት ቀድሞ ምልክት የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ጥያቄው አግባብ ነበረው።

የማቀርበው መመሪያ ከሰሜን ወሎ ቆላ፣ በተለይም ከቆቦ ሜዳና ከዙሪያው በልማት ሠራተኝነት ካሳለፍኳቸው ዓመታት የተቀዳ ነው። በልግና መኸር ሁለቱም የሚታመኑበት፣ ሁለቱም የሚከዱበት አካባቢ ስለሆነ ለሌላውም ቆላ የሚሆን ነገር አይጠፋውም፤ ሆኖም ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ሰብሉና ቀኑ መቀየር ይኖርበታል።

ከትንበያው በፊት የገበሬው የውሳኔ ቀኖች

የቆቦ ሜዳ ገበሬ የሚዘራውን የሚመርጠው በአንድ ቀን አይደለም። በልጉ ደህና ከጣለ ሚያዝያ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን የአገር ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከከዳው እስከ ሰኔ ማብቂያ ጠብቆ ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ፣ ሐምሌ ላይ ወደ ጤፍ፣ ያም ካልሆነ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ መሬቱ ውስጥ በቀረው ርጥበት ወደሚበቅለው ሽምብራ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይሄዳል። ይህን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም፤ አባቶቹ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው። የሚጎድለው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመውረድ መቁረጥ ያለበትን ቀን ቀደም አድርጎ የሚጠቁመው ምልክት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ስብሰባ በትንበያ አይክፈቱ። ማዳበሪያ የመጣበትን ጆንያ ቀድዳችሁ መሬት ላይ ዘርጉና በአሥራ ሦስቱ ወሮች ቁጥር ድንጋይ ደርድሩበት፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሥራ፣ ማለትም እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ ሽልሻሎው (በበቀለው ማሽላ መካከል የሚደረገው እርሻ)፣ አጨዳው የሚውልበትን ቦታ ገበሬዎቹ ራሳቸው በእህል ወይም በቅጠል ያመልክቱ። ቀን ሲነግሯችሁ በቁጥር ሳይሆን በበዓል ይነግሯችኋል፦ «በግንቦት ልደታ ዘርተን በሰኔ ሚካኤል አረምን»፣ «ሐምሌ አቦ ላይ ተቋረጠ»፣ «ከቡሄ ወዲያ ጠብ አላለም» ይላሉ። የሂጅራ ወሮች በፀሐይ ዓመቱ ላይ ስለሚዞሩ ሙስሊሙ ገበሬም ለእርሻ ሥራው የሚጠቀመው ይህንኑ አቆጣጠር ነው። ይህን አነጋገር አታርሙት። በራሳችሁ ደብተር ላይ ግንቦት 1፣ ሰኔ 12፣ ሐምሌ 5፣ ነሐሴ 13 እያላችሁ መዝግቡት፤ ለእነርሱ ስትናገሩ ግን በበዓሉ ስም ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ዋጋዋ ግን ከባድ የሆነች ስሕተት አለች። የክረምት ትንበያው የሚሸፍነው ጊዜ በፈረንጆቹ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ይህም በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ገደማ ማለት ነው። ሰነዱን ያነበበ ሰው «ጁን»ን በቀጥታ «ሰኔ» ብሎ ከተረጎመው አንድ ሳምንት ያዛንፋል፤ ሳምንት ደግሞ በዘር ወቅት ቀላል ጊዜ አይደለም።

የቀን መቁጠሪያው ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ነገር ግልጽ ብሎ ይታያችኋል። ለሚያዝያው ማሽላ የግንቦቱ ትንበያ አይደርስለትም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ጥር ላይ የሚወጣው የበልግ ትንበያ ነው። የግንቦቱ ትንበያ የሚጠቅመው በልጉ ለከዳቸውና ሰኔና ሐምሌ ላይ ለሚወስኑት ነው። በክረምቱ ውስጥ አረምና ሽልሻሎን፣ የውሃ ማፋሰሻንና የጎርፍ ጠለፋን (ጎርፉን ወደ ማሳ መምራትን) ለማቀድ ደግሞ በየአሥር ቀኑ የሚወጣው የግብርና ሜትዮሮሎጂ መረጃ ይሻላል። የትኛው መረጃ ለየትኛው ውሳኔ እንደሆነ ሳይለዩ ሁሉንም አንድ ላይ ማንበብ ሰሚውን ማድከም ነው።

በዚሁ ስብሰባ ላይ የአገሩን ምልክቶችም ጠይቁ። የትኛው ዛፍ ቀድሞ ሲያብብ፣ ነፋሱ ከየት ሲነሣ፣ ደመናው በየት በኩል ሲቋጠር ምን እንደሚሉ፣ ዘመኑ የማቴዎስ ነው የማርቆስ፣ የሉቃስ ነው የዮሐንስ ብለው ምን እንደሚጠብቁ ጻፉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ይህን ሲናገሩ ፈገግ ብዬ ነበር፤ ፈገግታዬን ያዩት ሽማግሌዎች እስከ ዓመቱ ማብቂያ የምናገረውን በዚያው ዓይነት ፈገግታ ሰሙኝ። ምልክቱን ከትንበያው ጎን መዝግቦ ዓመቱ ሲያልቅ የቱ እንደያዘ አብሮ ማየት ከክርክር ሁሉ የተሻለ ነው። ምህላና ዱአ በሚያዝበት ጊዜም ትንበያ ለመናገር አትሽቀዳደሙ፤ ቄሱንና ሼሁን አስቀድማችሁ ካነጋገራችሁ መልእክቱን ራሳቸው ያስተላልፉላችኋል።

ትንበያውን በሽምብራ ማስረዳት

ትንበያው የሚነገረው በሦስት ምድብ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ሐሳቡን ለማስረዳት ያለፉትን ሠላሳ ክረምቶች በሠላሳ ጠጠር መስላችሁ፣ ብዙ ዝናብ ከዘነበበት ጀምሮ እስከ ትንሹ ደርድሯቸው፤ የላይኞቹ አሥሩ «ከመደበኛ በላይ»፣ መካከለኞቹ አሥሩ «መደበኛ»፣ የታችኞቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች» ናቸው። የትኛዎቹ ዓመታት የት ላይ እንዳሉ ገበሬዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ከ1977ቱ ረኃብ በፊት የነበሩትን ክረምቶች የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ከሠላሳው ጠጠር ውጭም የሚጨምርላችሁ አለው።

ከዚያ ወደ ዕድሉ ይሂዱ። ለምሳሌ ትንበያው ለአካባቢያችሁ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል 20፣ መደበኛ የመሆን 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ደግሞ 45 በመቶ ይሰጠዋል እንበል። በመቶኛ መናገር ለማንም አይገባም፤ ለእኔም ቢሆን ወረቀት ላይ ካልሆነ አይገባኝም። ሃያ ፍሬ ውሰዱ፦ አራት ባቄላ፣ ሰባት ሽምብራ፣ ዘጠኝ አተር። ቆብ ውስጥ ጨምራችሁ አደባልቁና አንዱ ገበሬ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ፍሬ ያውጣ። ፍሬውን መልሳችሁ ሌላው ያውጣ፤ አሥር ሰው እስኪያወጣ ቀጥሉ። አተሩ ይበዛል፣ ባቄላውም ግን አልፎ አልፎ ይወጣል። «ዘንድሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናወጣው፤ የሚወጣው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቆቡ ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ ግን ይታወቃል» ስትሏቸው ዕድል የሚባለው ነገር እጃቸው ላይ ነው።

ቆቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ከዋርካው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ያወጧትን አተር በጣታቸው እያሽከረከሩ «ልጄ፣ ይኼ አንተ የምትለው የኔ ማሳ ላይ ነው የሚወርደው ወይስ የወረዳው?» ብለው ጠየቁኝ። ለብዙ ሰነድ የሚከብድ ጥያቄ ነው። «አባባ፣ ለሰፊው አገር የተነገረ ነው፤ የእርስዎ ማሳ ላይ ደመናው ይለፍ ይቁም የሚናገር አይደለም» አልኳቸው። እርሳቸውም «እንግዲያው ይኼን መጀመሪያ ንገረን» አሉ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምናገረው ይህንን ነው።

«መደበኛ» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁ። በሁለተኛው ዓመቴ ትንበያው «መደበኛ» ሲል «መደበኛ ይሆናል» ብዬ ነገርኩ፤ ሰው የሰማው «ደህና ይሆናል» ብሎ ነው። የክረምቱ ጠቅላላ መጠን እንደተባለውም ከወትሮው ብዙ አልራቀም፤ ዝናቡ ግን ሐምሌን አጥለቅልቆ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ማሽላው እሸት ሳይዝ ተቋረጠ። ትንበያው የወቅቱን ድምር እንጂ በመካከል የሚመጡትን ደረቅ ቀናት አይነግርም፤ ይህን አለማስረዳቴ የእኔ ጥፋት ነበር። ከዚያ በኋላ «መደበኛ» ማለትን ትቼ «እንደ ወትሮው፤ ወትሮ የሚያጋጥመው መቋረጥ ሳይቀር» እላለሁ።

በሬ የሌለው ቤት

ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣው ጥማድ በሬ፣ ሬዲዮና ሞባይል ያለው ሰው ነው፤ መረጃው የሚያስፈልገው ደግሞ ከኋላ የሚቀረው ነው። ባል የሞተባትን ወይም ባሏ ለሥራ የተሰደደባትን ሴት እንውሰድ። በአካባቢው ባህል ሴት አታርስም፤ በሬ ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፣ አንድ በሬ ካላት ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር መቀናጆ ትገባለች። በሁለቱም መንገድ የእርሷ ማሳ የሚታረሰው የሌላው ከታረሰ በኋላ ነው። «ዝናቡ ሲጀምር ሳትዘገዩ ዝሩ» የሚለው ምክር ለእርሷ ምክር አይሆናትም፤ ማድረግ የማትችለውን ነገር መንገር ነው። ለእርሷ የሚጠቅመው ቶሎ የሚደርስ ዘር መያዝ፣ ወይም የእርሻው ተራ እንዲቀድምላት ከመቀናጆው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ይህ ንግግር ደግሞ ባለ በሬው ባለበት እንጂ እርሷ ብቻ ባለችበት ስብሰባ ላይ አይፈጸምም። እኩል አራሹም አብሮ መጋበዝ ያለበት ለዚህ ነው፤ የሚዘራውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

ሴቶችን ለብቻ ማነጋገርም ያስፈልጋል፤ ሰዓቱን ግን እነርሱ ይምረጡት። ውሃ ቀድተው ከተመለሱና ቁርስ ካቀረቡ በኋላ፣ ከምሳ ሥራ በፊት ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ቆቡንና ፍሬውን ማዞር ይቻላል። ዘር የሚመርጡትና ጎተራ የሚጠብቁት እነርሱ ስለሆኑ ለዘንድሮ የሚበላውና ለዘር የሚቀመጠው እህል የሚለየው በእነርሱ ውሳኔ ነው፤ «ዓመቱ ሊከብድ ይችላል» የሚለው ወሬ መጀመሪያ የሚሠራው እዚያ ነው።

ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ የሕዝብ ሥራው በብዛት ከጥር እስከ ሰኔ ስለሚካሄድ ድሃው ሁሉ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ቀን እርሱ ነው። ነገር ግን ትንበያን ከእርዳታ ምዝገባ ጋር በአንድ ቀን አትናገሩ። «ከመደበኛ በታች» የሚለው ቃል ሲወጣ ሰው ወዲያው ስሙ የሚመዘገብበትን ወረቀት ይፈልጋል፤ ስለ ማሳው የሚሰጣችሁ መልስም ወደዚያው ያጋድላል። ስትጀምሩ «ዛሬ ምንም ምዝገባ የለም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ከስብሰባው በኋላ የሚመጣው ወሬም ያን ያህል አይበዛም።

ዘሩ፣ አገዳውና ወፉ

የቆላው ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ዘር መኖሩን አያጣውም። መልካም የተባለው የማሽላ ዝርያ በአራት ወር ገደማ፣ ጸደይና ቦሰት የተባሉት የጤፍ ዝርያዎች በሦስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። ታዲያ ለምን አይዘራቸውም? ባለሙያው ፍሬውን ብቻ ሲመዝን ገበሬው አገዳውንም ይመዝናል። የአገሩ ረጅም ማሽላ አገዳው ለበሬ መኖ፣ ለማገዶ፣ ለቤትና ለአጥር ይሆናል፤ ቶሎ የሚደርሰው አጭር ስለሆነ አገዳው ትንሽ ነው። መኖ የሌለው ገበሬ በሬውን ይሸጣል፣ በሬውን የሸጠ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቀደም ብለን ባየነው ኋላ በሚቀረው ወረፋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ዘሩን ለውጡ» ከማለታችሁ በፊት ከማሳው የትኛውን ክፍል፣ በየት በኩል ላለው አፈር እንደሚመድብለት አብራችሁ አስሉ፤ ሙሉ ማሳ መለወጥን የሚመክር ሰው ስለ አገዳው አላሰበም ማለት ነው።

የወፉ ጉዳይ ደግሞ ዕውቀትን ለአንድ ሰው ብቻ መንገር ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳያል። አንድ ታታሪ ገበሬ ምክር ሰምቶ ብቻውን ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ዘራ። ዙሪያው ያለው ማሽላ ገና አረንጓዴ ሳለ የእርሱ ቀልቶ እሸት ያዘ፤ የአካባቢው ወፍ ሁሉ በእርሱ ማሳ ላይ ሰፈረ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ በወንጭፍ ቢዋደቁም ብዙ አላተረፉም። ዓመቱ ደረቅ ስለነበር ዘሩ በትክክል የተመረጠ ነበር፣ ተጎጂው ግን ምክሩን የሰማው ሰው ሆነ። በቀጣዩ ዓመት እርሱ ብቻ ሳይሆን መንደር ሙሉ ጎረቤት ሊያምነኝ አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ምክሩን የምንሰጠው ማሳቸው ለተያያዘ ጎረቤቶች በአንድነት ነው፤ አምስትና ስድስት ሆነው ጎን ለጎን በተመሳሳይ ሳምንት ከዘሩ ወፉ ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል።

ዘሩ መገኘቱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። በገበሬዎች ሁለገብ ማኅበር መጋዘን ውስጥ የሌለ ዘር ላይ መምከር ማስቀየም ነው። ዘሩ ከሌለ ባለፈው ዓመት ከዘሩት ሰዎች ብድር ማፈላለግ፣ ይህም ካልሆነ ዘሩን ሳይለውጡ ሊደረግ ወደሚችለው መሄድ ይሻላል፦ በሽልሻሎ ጊዜ ቦዮቹን በየጥቂት እርምጃው በአፈር እየደፈኑ ውሃ እንዲያቁሩ ማድረግ፣ የጎርፍ መጥለፊያውን ከሰኔ በፊት መጠገን።

ዝናቡን ራሳቸው እንዲለኩ

ቀበሌው የራሱ መለኪያ ከሌለው ትንበያው ያዘ አልያዘ ብሎ መከራከር አይቻልም። የዝናብ መለኪያ ካልተገኘ ከአፉ እስከ ቂጡ ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። ጣሳውን በችካል ላይ አስራችሁ፣ ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል አርቃችሁ አቁሙት። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነበብ፣ ይደፋ፣ ይመዝገብ፤ ሳይነበብ ከዋለ ፀሐይ ትቀንሰዋለች። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ መውረዱ ነው፤ ይህን በጀሪካን ውሃ አፍስሳችሁ አሳዩ። ተመራማሪዎች ለዘር በቂ ነው ከሚሏቸው መመዘኛዎች አንዱ በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡ ነው። ገበሬው ግን መሬቱን በመቆፈሪያ ምሶ ርጥበቱ ምን ያህል እንደጠለቀ ያያል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መዝግቡ፣ ከጊዜ በኋላ ስንት ሚሊ ሜትር በጥቁር አፈር ስንት ስንዝር እንደሚሰርግ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። አንባቢነቱን ለተማሪ ልጅ መስጠት ጥሩ ነው፤ በክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ ምትኩ አስቀድሞ ይወሰን።

ስልክ ያላቸው ሰዎች 8028ን በነፃ መደወል ይችላሉ፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ የግብርና ምክር መስመር ነው። በአንድ ጎጥ አንድ ሰው ደውሎ በድምፅ ማጉያ አሰምቶ ሌሎቹ ቢሰሙ ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከጁምዓ በኋላና በገበያ ቀን የሚነገረው ግን አንድ ዓይነት ቃል ይሁን፤ በአንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

እህል ከገባ በኋላ

ታኅሣሥ ላይ እህሉ ከተወቃ በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ሰብስቡ። ትንበያው ምን አለ፣ የአገሩ ምልክት ምን አለ፣ ጣሳው ምን መዘገበ፣ ማን ምን ዘርቶ ስንት ኩንታል አገባ የሚለውን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ትንበያው ከሳተ «ስቷል» በሉ፤ በቆቡ ውስጥ ባቄላም እንደነበር ያስታውሳሉ። ስሕተቱን የሚደብቅ ሠራተኛ በሚቀጥለው ግንቦት የሚሰማው አያገኝም።

የመዝገቡን ግልባጭ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ በየአሥር ቀኑ የሚደርሰውን መረጃ በቀበሌው ከሆነው ጋር የሚያስተያዩበት ሌላ ምንጭ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ዋናውን ደብተር ግን ይዛችሁ አትሂዱ። የልማት ሠራተኛ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ይዛወራል፣ ደብተሩም አብሮት ይጠፋል፤ እኔም የመጀመሪያዬን ደብተር ይዤ ሄጄ እስካሁን ከሻንጣዬ አለ። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ጣሳውን በምታነበው ልጅ ቤት ይቀመጥ።